ሐንዘል፦ በበረሃ ውሃ የማይሰስት ሐረግ

በሰሐራ፣ በሲና እና በዓረብ ልሳነ ምድር በረሃዎች አሸዋው ላይ ተንሰራፍቶ የሚበቅል ሐረግ አለ። ዓረቦች ሐንዘል ይሉታል። የሐብሐብ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ ሻካራና የተሸነታተረ፣ አበባው ቢጫ፣ ፍሬው ብርቱካን የሚያክል ድቡልቡል። ነጩ የፍሬው ሥጋ ግን እጅግ መራራ ነው።

የበረሃ ተክል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ውሃ የሚቆጥበውን ነው፤ ቅጠሉን ያሳነሰውን ወይም ወደ እሾህ የለወጠውን። ሐንዘል ከዚህ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። በጠራራ ፀሐይ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፍቶ ውሃውን ያተንናል። ትነቱ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ቅጠሉ ከአካባቢው አየር ይልቅ ቀዝቃዛ ይሆናል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኦቶ ላንገ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ባሳተመው ጥናት፣ ልዩነቱ እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚደርስ አሳይቷል። ቅጠሉ ከሐረጉ ከተቆረጠ ግን ውሃው ይቋረጥበታል፤ ሙቀቱ ወዲያው ያሻቅብና ይገድለዋል።

ይህን ሁሉ ውሃ የሚያቀርበው ወፍራምና ጥልቅ ሥሩ ነው። ላይኛው ሐረግ ደርቆ ቢጠፋ እንኳ ሥሩ ከርሞ እንደገና ያቆጠቁጣል። የበሰለው ፍሬም ሲደርቅ ይቀልላል፤ ነፋስ እያንከባለለ ዘሩን ይበትንለታል።

ሁሉ በደረቀበት ምድር ለምለም ሆኖ የሚቆይ ተክል ብዙ አፍ ይከጅለዋል። ምሬቱ መከላከያው ነው። ምሬቱን የሚሰጡት ኩከርቢታሲን የተባሉ ውህዶች አንጀት ያቆስላሉ፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ያመጣሉ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4፣ በኤልሳዕ ዘመን፣ በረኀብ ወቅት አንዱ ከሜዳ ለቅሞ ወደ ወጡ የጨመረውና ተመጋቢዎቹን ያስደነገጠው የዱር ቅል፣ ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ይኸው ሐንዘል ነው። የጥንት ሐኪሞች ደግሞ በጥቂቱ እየመጠኑ ሆድ ለመጥረግ ይሰጡት ነበር። ዘሩ ግን ዘይትና ፕሮቲን አለው፤ የበረሃ ሰዎች ምሬቱን አስወግደው ይበሉታል።

በዓረብ አገሮች የምትኖሩ ወገኖች፣ ሐንዘል ለስኳር በሽታ ይበጃል ተብሎ ቢሰጣችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱት። ነፍሰ ጡር ሴትማ ጨርሶ ልትርቀው ይገባል።