ቀይ ቀበሮና የእኛ ውሻ

ከኩየራ ተነስተን ሻሸመኔ እንግባ። ከዚያ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ወደ ባሌ እንሂድ። መንገዱ ዲንሾ ያደርሰናል። ከዲንሾ በላይ ያለው አገር ውርጭ ነው። ሌሊት ውሃው ይረጋል። ቀይ ቀበሮ የምትኖረው በዚህ ብርድ ውስጥ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለችም። ጠጕሯ ቀይ፣ ጉሮሮዋ ነጭ ነው። እግሯ ረጅም፣ አፏ ሹል ነው። ቀበሮ ብንላትም የቅርብ ዘመዷ ተኩላ ነው። በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ ትባላለች። የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ፈረስ ወይም ላም ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ስለምትከተል ነው ይባላል።

ታዲያ በዚያ ብርድ ምን በልታ ትኖራለች? ምግቧ አይጥና ፍልፈል ነው። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ድምፅ ሳታሰማ ትጠብቃለች። ፍልፈሉ ብቅ ሲል ዘላ ትይዘዋለች። አንዳንድ ጊዜ በከብት መንጋ መካከል ትሄዳለች። ከብቱን ፈልጋ አይደለም። አይጦቹ እንዳያዩአት በከብቱ ትከለላለች።

ቀይ ቀበሮ የምታድነው ብቻዋን ነው፤ የምትኖረው ግን ከቤተሰቧ ጋር ነው። ጧት ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ። አብረውም ድንበራቸውን ይጠብቃሉ። ከቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የምትወልደው አንዲት እናት ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ቡችሎች ትወልዳለች። ሌሎቹ ቡችሎቹን ይጠብቃሉ፣ ይመግባሉ። እንዲህ ተረዳድተው ይኖራሉ።

ዛሬ ግን በመላው ኢትዮጵያ ያሉት ትልልቅ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው። ጥቂቶች በአርሲ ተራሮች፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ ጓሳ ይገኛሉ። በጎጃም በጮቄ ተራራ የነበሩት ጠፍተዋል።

ለምን አነሱ? አንደኛው ምክንያት የመሬት ጥበት ነው። ገብስና ድንች የሚዘራበት እርሻ ወደ ላይ ወጣ። ግጦሹም በዛ። ሣሩ ሲያልቅ አይጡም ይቀንሳል። አይጥ ከሌለ ቀይ ቀበሮም የለችም።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛ ውሻ ነው። ውሻ ከእረኛው ጋር ወደ ተራራው ይወጣል። ያበደ ውሻ አንዲቷን ቀይ ቀበሮ ቢነክሳት እሷም ታብዳለች። በሽታው የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ቤተሰቡ አብሮ የሚኖርና የሚላላስ ስለሆነ በሽታው ከአንዷ ወደ ሁሉም ይደርሳል። ያ የሚያኖራቸው ፍቅር ያን ጊዜ ይገድላቸዋል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በዚህ በሽታ አለቁ። ባለሙያዎች በአካባቢው የነበሩትን ሌሎቹን እየያዙ ስለከተቡ በሽታው ቆመ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቀው ማብላት ጀመሩ።

ነገር ግን ክትባት መጀመር ያለበት ከደጃችን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሰውንም ከብትንም ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች እናድርግ፦

ውሻችንን በየዓመቱ እናስከትብ። ክትባቱ የሚሰጠው መቼና የት እንደሆነ የቀበሌያችንን የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንጠይቅ።

ያልተከተበ ውሻ ይዘን ወደ ተራራው አንውጣ።

ውሻ ሰው ቢነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እንጠብ። ከዚያ ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለን አንተወው።

አንድ ውሻ ስናስከትብ ልጃችንን፣ ላማችንንና ቀይ ቀበሮን አብረን እንጠብቃለን።