ይከተላልን ወይስ አይከተልም?

ከአንድ ነገር ተነሥቶ ሌላውን መደምደም የነጋዴ የዘወትር ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መደምደሚያው ከመነሻው በእውነት የሚከተል መሆኑን የሚመረምር ጥቂት ነው፤ እኔም ከጥቂቶቹ አለመሆኔን ባለፈው ዓመት ተረዳሁ።

አሠሪዬ አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ለመቅጠር አስበው የፈተናውን ወረቀት እንዳርም አዘዙኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ የሚል ነበር፤ «ደህና ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ሁሉ ሰነዱን ያሟላል። ይህ ነጋዴ ሰነዱን አሟልቷል። ስለዚህ የላከው ዕቃ ደህና ነው።» አንዲት ወጣት «አይከተልም» ብላ ብትመልስ በቀይ ቀለም ሰረዝሁባት፤ በዚያች አንድ ነጥብም በሌላ ተፈታኝ ተበለጠች።

ማታ ወረቀቱን እንደገና ሳነበው ስሕተቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሚናገረው ስለ ደህና ዕቃ ላኪዎች ብቻ ነው፤ መጥፎ ዕቃ የሚልከውም ሰው ሰነዱን እንዳያሟላ የሚከለክል ቃል የለበትም። ከዚያ መነሻ በትክክል የሚከተለው «ሰነዱን ያላሟላ ነጋዴ ደህና ዕቃ አልላከም» የሚለው ነው። «ደህና ዕቃ ልኮ ሰነድ የሚረሳ ስንት አለ!» የሚል አንባቢ ቢኖር ስለ ገበያው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን በፈተና ላይ መነሻው እንደ ተጻፈ ይወሰዳል እንጂ ከውጭ ዕውቀት አይጨመርበትም። በማግሥቱ ለአሠሪዬ አፍሬ ነገርኋቸውና ልጅቱ ተቀጠረች።

ይኸው ስሕተት ከፈተና ውጭ ገንዘብ ያስከፍላል። የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት የሌተር ኦፍ ክሬዲት ደንብ ባንኮች የሚመለከታቸው ሰነድ እንጂ ዕቃ አለመሆኑን በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ አስመጪው «ባንኩ ከፍሏልና ዕቃው ደህና ነው» ቢል እኔ እንደ ተሳሳትሁት ይሳሳታል። የሚሻለው ገለልተኛ መርማሪ የሚሰጠው የምርመራ ምስክር ወረቀት ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን አስቀድሞ በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ ማስጻፍ ነው።

ላኪውም በበኩሉ ባንኩ ሰነዱን ቢመልስበት ቡናው ተነቅፏል ብሎ አይደምድም። በዚሁ ደንብ መሠረት፥ ሌላ ቀን ካልተወሰነ በቀር፥ ዋናው የጭነት ሰነድ ዕቃው ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ፥ ሌተር ኦፍ ክሬዲቱም ጊዜው ሳያልፍ መቅረብ አለበት፤ በ22ኛው ቀን የቀረበ ሰነድ ቡናው ምንም ያህል ምርጥ ቢሆን ሊመለስ ይችላል። በእኛ ቤት ይህን ቀን የምትቆጥረው ያቺው ልጅ ናት።