ከአትሮንሱ በፊት ያለው መንገድ

ሴት በቤተ ክርስቲያን መስበክ ትችላለች ወይስ አትችልም የሚለው ክርክር በኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በሐዋርያው ጳውሎስ ሁለትና ሦስት ምዕራፎች ዙሪያ ነው፤ ስብከትን በሙያው የሚያሠለጥንና በየሩብ ዓመቱ የሰባኪዎችን ተራ በማውጣት የሚያግዝ ሰው ግን ጉዳዩ የሚቆረጠው ከጥቅሱ ይልቅ በሌላ ቦታ መሆኑን ዘወትር ያያል። ያ ቦታ የሽማግሌዎች ጉባኤ የሚሰበሰብበት ጠረጴዛ ሲሆን፣ ይህ ጉባኤ፣ ማለትም በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የአጥቢያውን መንፈሳዊና አስተዳደራዊ ሥራ እንዲመሩ በምእመናን የተመረጡ ሰዎች ስብስብ፣ በጀት የሚያጸድቀው፣ ለነገረ መለኮት ትምህርት ማን እንደሚላክ የሚወስነውና እሑድ ጠዋት ማን ቃል እንደሚያካፍል የሚመድበው በዚያ ነው።

ወሎ ሰፈር ይህን ለመመልከት የተመቸ ሰፈር ነው። ከኦሎምፒያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው የቦሌ መንገድ ላይ፣ ወደ ጎተራ የሚያቀናው የኢትዮ ቻይና ጎዳና በሚነሣበት በዚህ አካባቢ፣ እሑድ ማለዳ ነጠላቸውን ያጣፉ ምእመናን ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ሲያመሩ፣ የወንጌላውያኑ ጉባኤዎች ደግሞ ከቢሮና ከሱቅ በላይ ባሉ የኪራይ አዳራሾችና በቆርቆሮ በተሠሩ ማምለኪያዎች ይሰበሰባሉ። በእነዚህ አዳራሾች ወንበር የሚደረድሩት፣ በር ላይ ቆመው እንግዳ የሚቀበሉት፣ ኳየሩን የሚሞሉት፣ ሕፃናትን በጓሮ ክፍል የሚያስተምሩትና የአዳር ጸሎቱን የሚይዙት በአመዛኙ ሴቶች ናቸው፤ ይህን ማንም አይከለክላቸውም፣ እንዲያውም እነርሱ ቢቀሩ የእሑዱ ፕሮግራም አይጀመርም።

የተራው ወረቀት ሲታይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአንድ ገጽ ላይ በሠንጠረዥ የሚዘጋጀው ይህ ወረቀት ቀኑን፣ የፕሮግራም መሪውን፣ የአምልኮ መሪውን፣ ጸሎት የሚያደርገውንና ቃል የሚያካፍለውን በየዓምዱ የሚያሰፍር ሲሆን፣ የሴቶች ስም በመካከለኛዎቹ ዓምዶች ተደርድሮ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ይሳሳል፤ በዚያ ዓምድ ሲገኝም ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ መካከል በሚደረገው የቀን ጸሎት፣ በሴቶች ፕሮግራም ወይም በዓመት አንድ ጊዜ በሚከበረው የሴቶች እሑድ ላይ ነው። በመደበኛው እሑድ ለአንዲት እኅት ከስብከቱ በፊት ምስክርነት፣ ማለትም እግዚአብሔር በሕይወቷ ያደረገውን የምትናገርበት አጭር ጊዜ፣ ሊሰጣት ይችላል፤ እርሷም ምንባብ አንብባ፣ ምንባቡን ፈትታ፣ ከምእመናኑ ኑሮ ጋር አገናኝታና በጸሎት ዘግታ ትወርዳለች፤ በማሠልጠኛ ክፍል ሚዛን ይህ ሙሉ ስብከት ነው። ሰዓቱ ያጥራል እንጂ የጎደለው ነገር የለም፤ ሆኖም በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የሰባኪዎች ዝርዝር ተጠናቅሮ ለሥልጠና ሲላክ ስሟ አይገኝበትም።

የአዳራሹ ዕቃ ራሱ ማን እንደሚጠበቅ ይናገራል። በኮት ክፈፍ ላይ የሚሰካው ማይክሮፎን ማስተላለፊያ ሳጥኑ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ግን የኮት ክፈፍም ቀበቶም ስለሌላት የድምፅ ባለሙያው የእጅ ማይክሮፎን ያቀብላታል፣ በዚህም አንድ እጇ ተይዞ መጽሐፍ ቅዱሱን በሌላው እጇ ብቻ መግለጥ ይኖርባታል። አትሮንሱ፣ ማለትም መጽሐፉ የሚያርፍበት ማስደገፊያ፣ ለረጅም ወንድ ቁመት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከኋለኞቹ ወንበሮች የሚታየው የሰባኪቱ ሻሽ ብቻ ይሆናል። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ሊስተካከሉ የሚችሉትም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ሳይስተካከሉ የሚቆዩት ሴት ሰባኪ በመደበኛነት ስለማትጠበቅ ነው።

ሥልጠናው ላይም የሚታይ ልዩነት አለ። ሴት ሠልጣኞች ከሚያቀርቧቸው የልምምድ ስብከቶች ብዙዎቹ የሚከፈቱት በይቅርታ ነው፤ ሰባኪ እንዳልሆኑ፣ ለመቆም እንደማይገባቸውና ከሽማግሌዎች ፊት መናገራቸው ድፍረት እንዳይሆንባቸው እየለመኑ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ይጨርሳሉ፣ አሠልጣኙም ያንን አንቀጽ መሰረዝ የመጀመሪያ ሥራው ይሆናል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊሰረዝ የሚገባው አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ስለተጻፈችው፣ 12 ዓመት ደም ይፈስሳት ስለነበረችው ሴት ሲሰበክ፣ ወንድ ሠልጣኞች ፈጥነው ወደ እምነቷ ይሻገራሉ፤ ሴት ሠልጣኞች ግን በሐኪሞች እጅ ገንዘቧን ሁሉ ስለመጨረሷ፣ በሕጉ ርኩስ ሆና ሕዝብ ለሕዝብ በሚጋፋበት መካከል እንዴት እንዳለፈችና ልብሴን የዳሰሰ ማን ነው ሲባል ስለተሰማት መንቀጥቀጥ ይቆያሉ፣ እነዚህ ደግሞ በምንባቡና በኦሪቱ ሕግ ውስጥ ያሉ ነገሮች ናቸው። ምእመናኑ በአብዛኛው ሴቶች በሆኑበት ጉባኤ ይህን ንባብ ከእሑዱ ስብከት ማራቅ ጉባኤውን ራሱን ማስራብ ነው።

ሹመትን በሚመለከት በአገሪቱ በግልጽ የሚጠቀሰው ምሳሌ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ነው። በ1951 ዓ.ም. የተቋቋመችው ይህች ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ለቅስና እንዲሾሙ በጠቅላላ ጉባኤዋ የወሰነችው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቄስ በኩሬ ዳባ በ2000 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ ሆነው ተሾሙ። የወንጌል ሥራው እናት ከነበሩት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነችው የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን ሴት ቄሶቿን በ1960 እ.ኤ.አ. ሾማለችና፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 40 ዓመት ነው፤ ይህም ብዙ የሚያስወቅስ አይደለም፣ ስዊድናውያኑም ቢሆኑ ከተሐድሶው ዘመን አንሥቶ ከ400 ዓመታት በላይ አስበውበታልና። የሚያነጋግረው ከውሳኔው በኋላ የሆነው ነው፤ ምእመናኗ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴት ቄሶች ዛሬም ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው።

ምክንያቱ በሕገ ደንቡ ውስጥ አይገኝም። ወደ ቅስና የሚያደርሰው የተለመደው መንገድ ከአጥቢያ ይጀምራል፤ ማኅበረ ምእመናኑ አንድን አገልጋይ ይመሰክርለታል፣ የሙሉ ጊዜ ወንጌላዊ ሆኖ ይቀጠራል፣ በሲኖዶሱ፣ ማለትም የአንድ አካባቢ ማኅበረ ምእመናንን በሚያስተዳድረው አካል፣ ድጋፍ ወደ ሴሚናሪ ይላካል፣ ሲመለስም አጥቢያ ይጠራውና ይሾማል። እያንዳንዱ ደረጃ በቀደመው ላይ የቆመ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ወንጌላዊ ሆና ያልተቀጠረች ሴት በመጨረሻው ደረጃ ላይ ማንም ሳይከለክላት ትቀራለች። ወንጌላዊ ደግሞ የሚመደበው ብዙ ጊዜ ራቅ ወዳለ ቦታ ነው፤ ወንዱ ሲመደብ ሚስትና ልጆች አብረውት ይሄዳሉ ተብሎ ይታሰባል፣ ሴቷ ስትመደብ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ባሏ ሥራውን ትቶ ይከተላታል ወይ የሚል ይሆናል። የመጋቢ ሚስት በአጥቢያ ውስጥ የታወቀ ስፍራና የታወቀ ሥራ አላት፤ የሴት መጋቢ ባል ግን ምን እንደሚሠራና የት እንደሚቀመጥ እስካሁን ያሰበለት ሰው የለም።

የታሪኩ መዝገብ ከአሁኑ አሠራር ይልቅ ለጋስ ነው። አስቴር ጋኖ ለባርነት ወደ ባሕር ማዶ ስትወሰድ በ1886 እ.ኤ.አ. በጣሊያን መርከበኞች ነጻ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ በሚገኘው የእምኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረች ሲሆን፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በ1894 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጅታለች፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም የቃላቱን ሀብት በመሰብሰብ ከፍተኛ ድርሻ ነበራት። መጽሐፍ ቅዱሱ ግን ለብዙ ዘመን የተነሣው በኦነሲሞስ ስም ብቻ ነው። የኦሮምኛ ስብከት አንዲት ሴት በሰበሰበቻቸው ቃላት ሲታገዝ ኖሮ፣ ሴት በዚያው ቋንቋ መስበክ ይገባታል ወይ ብሎ መከራከር ቢያንስ እንግዳ ነገር ነው።

ሌላው ዘመን የደርግ ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘግታ፣ ንብረቷ ተወርሶና መሪዎቿ ታስረው በነበረበት ጊዜ፣ ጉባኤው በየመኖሪያ ቤቱ በሚሰበሰቡ የጥቂት ሰዎች ቡድኖች ቀጠለ፤ በመዘጋቷ ጊዜ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት አባላትም ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ቤት የሴቶች ሥልጣን ያለበት ስፍራ በመሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ያስተናገዱት ብቻ ሳይሆኑ የጸለዩት፣ ያስተማሩትና አዲስ አማኞችን ያሳደጉትም ሴቶች ነበሩ፤ አዳራሽ ሲከፈት አትሮንስ ቆመ፣ ሴቶቹም ወደ ወንበሩ ተመለሱ። ይኸው ነገር ዛሬ በውጭ አገር ይደገማል፤ በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው ከተሞች የሚገኙ የኢትዮጵያውያን ጉባኤዎች በአብዛኛው በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ሴቶች የሞሏቸው ስለሆኑ፣ በዕረፍት ቀናቸው እየተሰበሰቡ ጸሎቱንም ትምህርቱንም የሚመሩት ራሳቸው ናቸው፣ ወደ አገር ሲመለሱ ግን ያ አገልግሎት በየትኛውም ወረቀት ላይ አይቆጠርላቸውም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነገሩ በሌላ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ክህነት፣ ማለትም ምሥጢራትን የመፈጸም ሥልጣን፣ ለወንዶች የተለየ መሆኑ በዚያ የታወቀ ሥርዓት ነውና ከውጭ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ሊዳኘው አይገባም። ማስተማር ግን ከክህነት ጋር አንድ አይደለም። ከ1592 እስከ 1642 እ.ኤ.አ. የኖሩት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ በመቃወም ወንዶችንም ሴቶችንም ያቀፉ ማኅበራትን አቋቁመው መርተዋል፤ ገድላቸውም ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላ ተጽፏል። በጎጃም ጸላሎ ላይ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ አስተምረው ወንዶች ሊቃውንትን አፍርተዋል። በቤተ ክርስቲያኒቱ መጻሕፍት መካከል የሚቆጠረው ዲድስቅልያም ስለ ሴት ዲያቆናት አገልግሎት ይናገራል። በአውደ ምሕረት፣ ማለትም ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ትምህርት በሚሰጥበት ስፍራ፣ ነገረ መለኮት የተማረች ሴት ቆማ ለማስተማር የሚያስፈልጋት የስብከተ ወንጌል ክፍሉ ፈቃድና ስምሪት ነው፤ በዚህም ከወንጌላውያኑ የተራ ወረቀት ጋር ይመሳሰላል።

ጥቅሶቹን ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። ለጢሞቴዎስ የተላከው የመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 2 ሴት እንዳታስተምር የሚል ሐሳብ እንዳለው የታወቀ ነው፤ ይኸው ሐዋርያ ግን በሮሜ ምዕራፍ 16 ፌቤንን በክንክራኦስ ያለችው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የምትሆን ብሎ ይጠራታል፣ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 ሴት በጉባኤ ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር እንዴት መሆን እንዳለባት ያዝዛል፣ ጵርስቅላም ከባሏ ጋር አጵሎስን እንዳስተማረች የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ይመሰክራል። ክልከላውን ለሁሉ ዘመን የሚቆጥር አጥቢያ ሐሳቡን በአግባቡ ሊያስረዳ ይችላል፤ ሊያስረዳ የማይችለው ግን በዚያው ክልከላ ስር ሴት ሕፃናትንና ወጣቶችን እንድታስተምር፣ መጽሐፍ እንድትጽፍና በመዝሙር ግጥም ትምህርተ ሃይማኖት እንድታሰርጽ እየፈቀደ፣ እሑድ ጠዋት ብቻ እንዴት ክልክል እንደሚሆን ነው።

አገልግሎት ስብከት ብቻ እንዳልሆነም መዘንጋት የለበትም። በቤቷ የምትደበደብ ወይም ከዓረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች ሴት ችግሯን ይዛ ስትመጣ፣ ጉዳዩን የሚሰሙት ሽማግሌዎች ሁሉ ወንዶች ሲሆኑ የምትናገረው ግማሹን ነው፤ ዕርቁም በዚያ ግማሽ ላይ ይመሠረታል። ሴት መጋቢ ባለችበት አጥቢያ ሌላው ግማሽ ይሰማል።

ስለዚህ በወሎ ሰፈርም ሆነ በሌላ ስፍራ በሽማግሌዎች ጉባኤ ውስጥ የተቀመጠ አንባቢ የመጪውን ዓመት በጀት ሲያጸድቅ፣ ለነገረ መለኮት ትምህርት ከሚላኩት መካከል አንዲት ሴት ያስገባ፤ ስትመለስ የምትቀጠርበትን የሥራ መደብ አስቀድሞ በበጀቱ ላይ ያስፍር፤ እስከዚያውም በሩብ ዓመቱ ተራ ውስጥ የሴቶች እሑድ ያልሆነ አንድ እሑድ ለሴት ሰባኪ ይመድብ። አጥቢያው ሴትን ለአትሮንሱም ሆነ ለሹመት አልመድብም ብሎ የሚያምን ከሆነም ይህንኑ በመተዳደሪያ ደንቡ ጽፎ በግልጽ ያስታውቅ፤ ጥሪ አለኝ የምትል እኅት ዐሥር ዓመት በጸሎት ክፍል በተስፋ ከምትቆይ መልሱን ዛሬ ሰምታ አገልግሎቷን ወደሚቀበላት ጉባኤ ብትሄድ ይሻላታል።