«ነገ ተመለሱ» የሚያስከፍለው ዋጋ

በየካ ክፍለ ከተማ በሾላ ገበያ ቅቤና ቅመም የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ለይቶ ያውቃል፤ ሚዛኑን ካስተካከለ በኋላም በእፍኙ ዘግኖ ምርቃት ይጨምራል። ይህን የሚያደርገው የሥራ አመራር ሥልጠና ስለወሰደ አይደለም። ገዢው ቅር ከተሰኘ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ከጎረቤቱ ሊሸምት እንደሚችል ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። ከዚሁ ገበያ ወጥቶ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያመራ ሰው ግን የሚመርጠው ሌላ መስኮት የለውም። የነዋሪነት መታወቂያውን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ወይም የይዞታ ማረጋገጫውን የሚያገኘው ሕግ ከወሰነለት አንድ ተቋም ብቻ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ዋነኛ ልዩነት የሠራተኛው ጠባይ ሳይሆን የመረጃው መንገድ ነው። ነጋዴው ጥፋቱን በዚያው ዕለት ከገበያው መቀነስ ይረዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተገልጋይ ግን ቢማረርም በማግሥቱ ተመልሶ ስለሚመጣ የሰልፉ ርዝመት የሥራ ብዛት እንጂ የአሠራር ጉድለት መስሎ ይታያል። በመሆኑም ተፎካካሪ የሌለው ተቋም ገበያው ለነጋዴው በነጻ የሚሰጠውን መረጃ ራሱ አቅዶ መሰብሰብ ይኖርበታል።

በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው የምጣኔ ሀብት ምሁር አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ አንድ ተቋም አገልግሎቱ ሲበላሽበት ይህንን የሚያውቅባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የደንበኛው ጥሎ መሄድ ሲሆን ሁለተኛው ቅሬታውን በድምፅ ማሰማቱ ነው። ምሁሩን ወደዚህ ሐሳብ የመራው የናይጄሪያ ምድር ባቡር ነበር። ባቡሩ አገልግሎቱ ሲበላሽ አቤቱታቸው ሊሰማ ይችል የነበሩ ነጋዴዎች ጭነታቸውን ወደ መኪና አዛወሩ፤ ድርጅቱ ግን ከመንግሥት በጀት ስለሚደጎም የደንበኞቹ መሄድ አላስደነገጠውም፤ ይጮኹበት የነበሩትም አብረው ሄደዋልና አልታረመም።

ይህ ምሳሌ ለአዲስ አበባ አመራሮችና ፈጻሚዎች እንግዳ አይደለም። ገንዘብ ያለው ባለጉዳይ ጉዳይ አስፈጻሚ ይልካል፤ ዘመድ ያለው ስልክ ይደውላል። በመስኮቱ ፊት የሚቀረው ሁለቱም የሌለው ነው። ድምፃቸው ሊሰማ የሚችል ሰዎች ከሰልፉ ሲወጡ ሰልፉ ይረዝማል፤ የሚያማርረው ግን ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት በየመሥሪያ ቤቱ የተሰቀለው የሐሳብ መስጫ ሣጥን ባዶ መሆኑ ብቻውን የተገልጋይ እርካታ ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ስለ ተራ አጠባበቅ ለመማር ሩቅ መሄድ አያሻም። በሥራ መውጫ ሰዓት በመገናኛ የሚታየው የታክሲ ሰልፍ በቂ ትምህርት ይሰጣል። ሰልፉ አንድ ነው፤ የመጣው ታክሲ ሁሉ ከፊት ያለውን ያነሣል። መጨረሻ የደረሰ ሰው ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ በዓይኑ ይቆጥራል። በመሐል የሚገባ ካለ ከተራ አስከባሪው በፊት ተሰላፊው ራሱ ይቃወመዋል። ተሰላፊው ሊቆጣ የሚችለው በታክሲው እጥረት ነው፤ ተራዬ ተወስዷል ብሎ ግን አይጠራጠርም። እርግጥ ነው፣ መልካም ሰልፍ ታክሲ አይጨምርም። ሥርዓት ማስያዝና አቅም መጨመር የተለያዩ ተግባራት በመሆናቸው አንዱ ሌላውን አይተካም። ያም ሆኖ ሥርዓቱ በራሱ ዋጋ አለው።

የሥራ አመራር ጸሐፊው ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ አመልክቷል። እንደ ጸሐፊው አገላለጽ መቼ እንደሚያበቃ ያልታወቀ ጥበቃ መጨረሻው ከሚታወቅ ጥበቃ ይረዝማል፤ ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃ ምክንያቱ ከተነገረው ይረዝማል፤ ፍትሐዊ ያልሆነ ጥበቃ ደግሞ ፍትሐዊ ከሆነው ይረዝማል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ በኮሪደር የተቀመጠ ባለጉዳይና «ኃላፊው በ8 ሰዓት ይገባሉ፤ እርስዎ አራተኛ ነዎት» የተባለ ባለጉዳይ የሚጠብቁት እኩል ሰዓት ቢሆንም የሚሰማቸው አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ለመናገር ደግሞ በጀት አያስፈልግም።

ከሰዎች ሰልፍ ይልቅ ትኩረት የሚሻው በመደርደሪያ ላይ ያለው የመዝገብ ሰልፍ ነው፤ ይህ ሰልፍ ለባለጉዳዩ አይታይምና። ተራው በማይታይበት ቦታ ተራን መሸጥ ይቻላል። ደላላ በመገናኛው የታክሲ ሰልፍ ቦታ የማያገኘውና በመዝገብ ቤት አካባቢ የሚያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጆን ሊትል የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ቀላል ሕግ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ የሚገኘው ሥራ በአማካይ በቀን ከሚገባው ሥራ ብዛትና እያንዳንዱ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። ለአብነት ያህል አንድ የሥራ ክፍል በቀን 20 ማመልከቻ ይቀበላል፤ እያንዳንዱም እስኪያልቅ 15 ቀን ይቆያል እንበል። በክፍሉ ምንጊዜም 300 መዝገብ ይኖራል ማለት ነው። ቆይታው ወደ 5 ቀን ቢወርድ የመዝገቡ ቁጥር 100 ይሆናል። «መዝገቡ ጠፋ» የሚባለው ችግር መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ነው፤ ከ300 መካከል አንዱን መፈለግና ከ100 መካከል አንዱን መፈለግ እኩል አይደሉምና። በመሆኑም አዲስ መደርደሪያ ከማሠራት በፊት የቆይታውን ጊዜ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ከቆይታው ባልተናነሰ የሚያስከፍለው ደግሞ ምልልሱ ነው። የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ ባለሙያዎች ብክነት ብለው ከለዩዋቸው ሰባት ነገሮች መካከል ጥበቃ አንዱ ነው። በቀን 60 ሰው የሚያስተናግድ ክፍል አለ እንበል። ከእነዚህ 20ዎቹ ባለፈው ሳምንት ጀምረው ያልጨረሱ ከሆኑ የክፍሉ ጉልበት አንድ ሦስተኛ የሚውለው ትናንት መጠናቀቅ በነበረበት ጉዳይ ላይ ነው። ሠራተኛው በሥራ ብዛት ይደክማል፤ በሪፖርቱም 60 ተገልጋይ እንደተስተናገደ ይጽፋል። ሪፖርቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን 20ው የተቋሙ ጉድለት ውጤት መሆኑን አይናገርም።

ተገልጋዩ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። የካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ ሜዳ ተነሥቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በኮተቤ በኩል እስከ እንጦጦ ተራሮች የሚዘልቅ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ቅርብ ለሆነ ሰው «ነገ ተመለሱ» ማለት የአንድ ሰዓት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከዳገቱ ወርዶ በቀን ሥራ ለሚተዳደር ሰው ግን የአንድ ቀን ደመወዝና የደርሶ መልስ ታክሲ ሒሳብ ነው። 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ያለአስፈላጊነት ቢመላለሱ የሚባክነው 200 የሥራ ቀን፣ አንድ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ ከሚሠራቸው ቀናት አብዛኛውን ያህላል። ወጪው ከተቋሙ ካዝና ስላልወጣ ብቻ ወጪ አይደለም ሊባል አይችልም።

በአገራችን ይህንን ችግር ለመፍታት የተደረጉት ጥረቶች ጥቂት አይደሉም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ከአምስቱ ንዑስ ፕሮግራሞች አንዱን ለአገልግሎት አሰጣጥ የሰጠ ነበር። ቀጥሎም መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ሥርዓትና ካይዘን ተከታትለው መጥተዋል። በ2004 ዓ.ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ከዚያ ቀደም በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በ30 ድርጅቶች የተደረገው ሙከራ መሠረት ሆኖታል።

ከእነዚህ መሣሪያዎች በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ግን ከስማቸው ቀላል ነው። የሥራ ሂደት ለውጥን ያስተዋወቀው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጽሑፍ የፎርድ መኪና ኩባንያን በአብነት ጠቅሷል። ፎርድ ለአቅራቢዎች ክፍያ የሚፈጽሙ ከ500 በላይ ሠራተኞች የነበሩት ሲሆን፣ የጃፓኑ ማዝዳ በበኩሉ ተመሳሳዩን ሥራ በ5 ሰዎች ይሠራ ነበር። ፎርድ ችግሩን ሲመረምር የሠራተኞቹ ጊዜ ባብዛኛው የሚያልቀው የማይጣጣሙ ሰነዶችን በማስታረቅ መሆኑን ደረሰበት። መፍትሔውም ማስታረቁን ማፋጠን ሳይሆን የማይጣጣመው ሰነድ ከመነሻው እንዳይፈጠር ማድረግ ሆነ። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር አላስፈላጊን ሥራ በፍጥነት መሥራት ሳይሆን ማስቀረት ነው።

በከተማችን በተግባር ውጤት የታየባቸው ለውጦችም ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው። ቀደም ሲል የውኃ፣ የመብራትና የስልክ ክፍያ በየተቋሙ መስኮት ለየብቻው ይፈጸም ነበር። በ2005 ዓ.ም ሥራ የጀመሩት «ለሁሉ» የተሰኙት ማዕከላት ሦስቱን ሰልፎች ወደ አንድ አመጧቸው። በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ደግሞ በስልክ የመክፈል ዕድል ሰፋ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተመረቀው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የተለያዩ የፌዴራል ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ነው። በሦስቱም የተቀነሰው የባለጉዳዩ ምልልስ ነው።

ይሁንና ቴክኖሎጂ ብቻውን የአመራር ሥራን አይተካም። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ የ«ነገ ተመለሱ» ሌላ ስም ሆኖ እየተሰማ ነው። መረቡ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ የወሰነ ክፍል የባለጉዳዩን ሰነድ አረጋግጦ፣ ስልኩን መዝግቦ፣ ሲስተሙ ሲመለስ ይደውልለታል። ያልወሰነው ግን መብራት እስኪመጣ ሰው ያስቀምጣል፤ አለዚያም ያሰናብታል።

ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ አይደለም። በመስከረም 2013 ዓ.ም በተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ሆነ በሌሎች መዝናኛዎች የሚገኙ ምግብ ቤቶች ጎብኚ የሚበዛባቸውን ቀናት አስቀድመው ማወቅ ይችላሉ። ትእዛዝ ተቀብሎ ከቆይታ በኋላ «አልቋል» ከማለት ያለቀውን ከመነሻው መናገር የተሻለ መሆኑ ግልጽ ነው። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት እንዲሁም በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ነጋዴን በዚህ የሚያስገድድ መንግሥት ከራሱ ፈጻሚዎች ያነሰ ሊጠብቅ አይችልም።

በዚህ ረገድ ከፈጻሚዎች በኩል የሚነሡ ተገቢ ጥያቄዎች መኖራቸው አይካድም። የሰው ኃይል ያንሳል፤ በጀት ይጠብባል፤ ባለጉዳዮችም ያልተሟላ ሰነድ ይዘው ይመጣሉ። ነገር ግን አንድ ሦስተኛው ጉልበቱ በምልልስ የሚባክን ክፍል ተጨማሪ ሠራተኛ ከመጠየቁ በፊት በእጁ ያለውን ማስመለስ ይችላል። ብዙ ሰው ተመሳሳይ ሰነድ አጓድሎ የሚመጣ ከሆነም ጉድለቱ የባለጉዳዩ ሳይሆን የማስታወቂያው ነው። የሚያስፈልገው ሰነድ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በበሩ ላይ፣ በቀላል ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ዛሬ ፎቶግራፍ፣ ነገ ፎቶ ኮፒ፣ ከነገ ወዲያ የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ሦስት ሰልፎችን መፍጠር ነው።

ማንኛውም የሥራ ክፍል ኃላፊ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊጀምራቸው የሚችላቸው ሦስት ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ «ለዚህ ጉዳይ ሲመጡ ስንተኛ ጊዜዎ ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በወረቀት ላይ በጭረት መቁጠር ነው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የተላለፈበትን ቀንና ሰዓት ማስፈር ነው። ይህ ሲደረግ 15 ቀን ከቆየው ጉዳይ በእርግጥ ሥራ የተሠራበት ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ቀሪው ደግሞ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ በዝምታ እንዳለፈ ይታወቃል። ሦስተኛው ኃላፊው በወር አንድ ቀን ከተገልጋዮች ጋር ከበሩ ተነሥቶ የአንድን ጉዳይ መንገድ እስከ መጨረሻው መከተል ነው።

ቁጥሮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ሠራተኛን ለመቅጣት ከዋሉ በማግሥቱ ሐሰተኛ ይሆናሉ። ጥያቄው «ማን አዘገየ?» ሳይሆን «ጉዳዩ የቆመው የትና ለምን ነው?» የሚል መሆን ይኖርበታል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአስተዳደር በደል ላይ አቤቱታ ተቀብሎ ይመረምራል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ወደዚያ የሚደርሰው በሩ ላይ ሊሰማ ሲችል ሳይሰማ ሲቀር ነው። የተመላሾችን ቁጥር ከተስተናጋጆች ቁጥር ለይቶ በወር ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር የጨመረ ኃላፊ፣ የሾላው ነጋዴ በየዕለቱ የሚያገኘውን መረጃ በእጁ ያስገባል።