ለእግር ጉዳተኛ የምትመች መኪና

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል። እግሩ የተጎዳ ሰው መኪና ካለው ግን ገበያም ሐኪም ቤትም ሰው ሳያስቸግር ይደርሳል። ታዲያ የትኛዋን ይግዛ? እስቲ አብረን እንመልከት።

ባጃጅ ዋጋዋ ይቀንሳል። ፍሪሲዮኗም ማርሿም ነዳጅ መስጫዋም በእጅ ነው። ዋናው ፍሬን ግን በእግር ይረገጣል። ይህን ሳያይ የገዛ ሰው ቁልቁለት ላይ ጉድ ይሆናል።

የተጎዳው ግራ እግር ብቻ ከሆነ፣ አውቶማቲክ ማርሽ ያላት ትንሽ መኪና ትበቃለች። ፍሪሲዮን ስለሌላት በቀኝ እግር ብቻ ትነዳለች። ቀኙ ከተጎዳ ነዳጅ መስጫውን ከፍሬኑ በስተግራ ማስገጠም ይቻላል። ሁለቱም ከተጎዱ ፍሬኑና ነዳጅ መስጫው በዘንግ ወደ እጅ ይመጣሉ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪናም ፍሪሲዮን የላትም። ነገር ግን የምትሞላበት መብራት በቅርብ መኖር አለበት።

ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ገብተን እንቀመጥባት። ወንበሯ ለመነሣት ያስቸግራል ወይ? ምርኩዙ ወይም ተሽከርካሪ ወንበሩ ቦታ ያገኛል ወይ? ሆዷን ድንጋይ ይመታዋል ወይ? መለዋወጫዋስ በቅርብ ይገኛል ወይ?

ልብስ በቁመት ልክ ይሰፋል። መኪናም በአካል ልክ ትመረጣለች።