ተጨማሪ መረጃ፦ የቤተ ዘመድ ስም

በእንግሊዝ አገር «ፍሌሚንግ» እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ስም መነሻው፣ በ1066 እ.ኤ.አ. ከኖርማንዲው መስፍን ከዊልያም ሠራዊት ጋር፣ ከዚያም በኋላ በየዘመኑ፣ ከፍላንደርስ ምድር ባሕር ተሻግረው የፈለሱትን ሰዎች ጎረቤቶቻቸው በመጡበት አገር ስም ስለ ጠሯቸው ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ልሳን ከዘነጉ በኋላ እንኳ ስሙ እንደ ርስት ጸንቶ ኖረ።

በሐዋሳ ፒያሳ አንድ አያት፣ ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ለቡና ተቀምጠው መታወቂያቸውን ቢያወጡ ግን፣ ሰው ሁሉ ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱንና የአያቱን ስም ስለሚያስከትል፣ በየትውልዱም አንድ ስም ከኋላ ስለሚቀር፣ የሦስቱም የመጨረሻ ስም የተለያየ ይሆናል፤ ሚስትም ብትሆን (ይህ ለብዙ የውጭ አገር ሰው እንግዳ ነው) የባሏን ስም አትወስድም። ሲዳማው ጎሳውን ጠንቅቆ ያውቃል እንጂ ከስሙ በኋላ አይጽፈውም፤ ሐረገ ትውልዱን የሚጠብቀው የሽማግሌዎች ቃል ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 32 ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ የቆየ ልማዱን አልለቀቀም። ወደ ባሕር ማዶ በተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን፣ የአባት ወይም የአያት ስም በመዝገብ ጸንቶ ለልጆች እየተላለፈ ነው።