የግራፍ መሳያ ትእዛዞች አሠራር፦ ለጀማሪ ፕሮግራመሮች የቀረበ ማብራሪያ

ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩ ወገኖቻችንን አብዝቶ ግራ ሲያጋባ ያየነው ስሌቱ ሳይሆን የስሌቱ ውጤት በሥዕል የሚቀርብበት ትእዛዝ ነው። ፕሎት ከሚለው ቃል ቀጥሎ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የተደረደሩትን ሁለት ሦስት ፊደላትና ሰረዞች እንደ ጠልሰም ቆጥረው፣ ትርጉማቸውን ሳይጠይቁ ከሌላ ሰው ፕሮግራም ይገለብጧቸዋል። ነገሩ ግን ይህን ያህል የረቀቀ አይደለም።

አጻጻፉ በሰፊው የታወቀው በማትላብ ነው። ማትላብን ለገበያ ያቀረበው ማትወርክስ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በፓይተን ቋንቋ ተመሳሳይ ተግባር የሚፈጽመውን ማትፕሎትሊብን እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ጆን ሃንተርም የማትላብን ትእዛዞች አርአያ አድርጎ ስለ ነበር፣ አንዱን የተማረ ሰው ሌላውን ለማንበብ ብዙ አይቸገርም።

ለምሳሌ የኢትዮጵያን ሦስት የሕዝብ ቆጠራዎች እንውሰድ። የ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ኤርትራን ጨምሮ 42.6 ሚሊዮን ገደማ፣ የ1987ቱ 53.5 ሚሊዮን ገደማ፣ የ1999ኙ ደግሞ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አሳይተዋል። ዓመቶቹንና ቁጥሮቹን ለፕሎት ብንሰጠውና ሌላ ምንም ባንጨምር፣ ነጥቦቹን በቀጥተኛ መስመር አገናኝቶ ይሰጠናል። በጥቅስ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ይወስናል፤ ቀለሙን፣ የነጥቡን ምልክትና የመስመሩን ዓይነት። ቀለም በላቲን ፊደል ይገለጻል። አር ቀይ፣ ጂ አረንጓዴ፣ ቢ ሰማያዊ ሲሆኑ፣ ቢ አስቀድሞ ስለ ተያዘ ጥቁር በኬይ ይመለከታል። ኦ ክብ ምልክት ያስቀምጣል። አንድ ሰረዝ ያልተቋረጠ መስመር፣ ሁለት ሰረዝ የተቆራረጠ መስመር፣ ሁለት ነጥብ ደግሞ በነጠብጣብ የተሠራ መስመር ነው።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው ኦን ብቻ ሲጽፍ መስመሩ ድንገት መጥፋቱ ነው። ብልሽት አይደለም፤ ምልክት ጠርቶ መስመር ያልጠራ ሰው ምልክት ብቻ ይሰጠዋል። ሰረዝና ነጥብ አከታትሎ የጻፈም ነጥብ ያለበትን ያልተቋረጠ መስመር ሲጠብቅ ሰረዝና ነጥብ የሚፈራረቁበት መስመር ያገኛል፤ ነጥቡን ካስቀደመ ግን ያሰበው ይሆንለታል።

እንግዲህ ለቆጠራው የትኛው ይስማማል? በእኛ አስተያየት ኦ እና ሁለት ሰረዝ። ክቦቹ የተቆጠረውን ያመለክታሉ። በመካከላቸው ባሉት ዓመታት ግን ቆጠራ ስላልተደረገ ያልተቋረጠ መስመር ከምናውቀው በላይ ይናገራል። የመጀመሪያው ክብ ራሱ ሊለይ ይገባዋል፤ ኤርትራን ከማካተቱም ሌላ፣ በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው አካባቢዎች በግምት የገቡበት ነው። ለእርሱ ብቻ ሌላ ምልክት ለመስጠት ሁለተኛ የፕሎት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ማትላብ ሁለተኛውን ሲስል የመጀመሪያውን ስለሚያጠፋ በመካከል ሆልድ ኦን የሚለው ትእዛዝ ይገባል፤ ማትፕሎትሊብ ግን በላዩ ላይ ይጨምራል።

ከቀለምና ከምልክት ይልቅ አንባቢን የሚያሳስተው የዘንጉ መነሻ ነው። መነሻውን ካልወሰንንለት ፕሎት ብዙውን ጊዜ ከትንሹ ቁጥር አቅራቢያ ይጀምራል እንጂ ከዜሮ አይነሣም። ሁለቱን የኋለኞቹን ቆጠራዎች በዓምድ ስለን ዘንጉን ከ50 ሚሊዮን ብናስጀምር፣ የሁለተኛው ዓምድ ቁመት የመጀመሪያውን ሰባት እጥፍ ያህል ይሆናል። እውነተኛው ጭማሪ ግን ከመቶ 38 ገደማ ነው። ዋይሊም የሚባለው ትእዛዝ የዘንጉን ታችኛና ላይኛ ወሰን የሚያስቀምጥ ስለሆነ፣ ለዓምድ ሥዕል ታችኛውን ዜሮ ማድረግ ግዴታ ነው እንላለን።

ዓመቶቹም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። በማትፕሎትሊብ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ከተጻፉ እንደ ስም እንጂ እንደ ቁጥር ስለማይታዩ፣ ርቀታቸው ምንም ይሁን ምን በእኩል ይደረደራሉ። በእኛ አቈጣጠር ክፍተቶቹ 11 እና 12 ዓመታት ሲሆኑ በፈረንጆቹ (1984፣ 1994፣ 2007) 10 እና 13 ናቸው፤ የመካከለኛው ቆጠራ የተደረገው በጥቅምት፣ ማለትም የእኛ ዓመት ከተለወጠ በኋላ ነውና። ወሩንም አስልቶ የሚያስገባ ሰው ከሁለቱ የተሻለ ሥዕል ያገኛል።

የዘንጎቹን ስም በአማርኛ ለመጻፍ ኤክስሌብልና ዋይሌብል የተባሉት ትእዛዞች ያገለግላሉ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ ፕሮግራሙ ጽሑፉን ያለ ችግር ይቀበላል፤ ሆኖም ማትፕሎትሊብ በራሱ የሚመርጠው የፊደል ቅርጽ የእኛን ስለማይዝ በቃላቱ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይታያሉ። መፍትሔው ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት የፊደል ቤተሰብ በሚወሰንበት ቦታ አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መሰየም ነው። የተሰየመው ቅርጽ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ አስቀድሞ መጫን አለበት።